እሳቱን የጠበቀው ልጅ

፩. የመገናኛ ልጅ

መገናኛ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ በኩል ያለ ሰፈር ነው። ስሙ እንደሚያስረዳው ብዙ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ከቦሌ የሚመጣው፣ ከኮተቤ የሚወርደው፣ ከአራት ኪሎ አቅጣጫ የሚመጣው ሰው ሁሉ እዚያ ይገናኛል፤ እዚያም ይለያያል። ከማለዳ እስከ ማታ የመኪና ድምፅና የታክሲ ረዳት ጥሪ አይቋረጥበትም። ነገር ግን ሰው በዚህ ግርግር መካከል ቆሞ ዓይኑን ወደ ሰሜን ቢያነሣ የየካን ተራራ ዛፍ ለብሶ ያየዋል።

በዚህ ሰፈር አባቱ የሞተበት አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። እናቱ በመንገድ ዳር ባለች ትንሽ ሱቅ ስኳርና ሳሙና፣ ሻማና ክብሪት እየሸጠች ታሳድገው ነበር። ልጁ በትምህርቱ ደኅና ነበረ፤ ለእናቱም ይታዘዝ ነበር። ዳሩ ግን አንድ ክፉ ልማድ ነበረበት። ከትምህርት ቤት በተመለሰ ጊዜ ወንጭፉን ይዞ ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ የካ ተራራ ግርጌ ይወጣና ወፎችን በጠጠር ይመታ ነበር። ወፏ ስትወድቅ ይስቃል። ምን እንደምትባል፣ ጎጆዋ የት እንደ ሆነ፣ ጫጩት እንዳላትና እንደሌላት ግን አይጠይቅም ነበር። ስለማያውቃት አታሳዝነውም ነበር።

የእናቱ ወንድም የጭነት መኪና ነጂ ነበረ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ይመላለስ ነበር። ይህ መንገድ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ ያልፋል። አንድ ሌሊት አጎቱ ለመድረስ ቸኩሎ መኪናውን ሲያበር አንዲት ሳላ ከጨለማ ውስጥ ወጥታ መንገዱን ስታቋርጥ ገጫት። ሳላ ሁለት ቀጥ ያሉ ረጃጅም ቀንዶች ያሏት፣ ፊቷ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ በቆላ ሜዳ የምትኖር የዱር እንስሳ ናት። አጎቱ ወርዶ ባያት ጊዜ ገና ትተነፍስ ነበር፤ ጥቂት ቆይታም ሞተች። ከዚያ ሌሊት ወዲህ በዚያ ስፍራ ሲያልፍ ፍጥነቱን ይቀንስ ጀመር።

ከዕለታት አንድ ቀን አጎቱ ወደ እኅቱ ቤት በመጣ ጊዜ ልጁ ሁለት የሞቱ ወፎች ይዞ ሲገባ አየው። አልገሠጸውም፤ ነገር ግን እኅቱን፣ «በትምህርት ዕረፍት ጊዜ ይህን ልጅ ከልጆቼ ጋር ወደ አዋሽ ልውሰደው፤ በድንኳን ሁለት ሌሊት እናድራለን» አላት። እናቲቱ ፈራች፤ ሆኖም ወንድሟን ታምነው ነበርና ፈቀደች። ለልጇም የራሷን ጋቢ ሰጠችው።

፪. በድንኳን ማደር

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የተመሠረተው በ1966 ነው። በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። ስፋቱ ከ700 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአንድ ወገን የፈንታሌ ተራራ ይታያል፤ ይህ ተራራ በጥንት ጊዜ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ነው። በሌላ ወገን የአዋሽ ወንዝ ከገደል ላይ ዘሎ ፏፏቴ ሆኖ ይወርዳል። በመካከሉ ደረቅ ሣር የበቀለበት ሰፊ ሜዳ አለ፤ ሳሎች በዚያ ይሰማራሉ። በወንዙ ውስጥ አዞ፣ በቁጥቋጦው ውስጥ ከርከሮ ይኖራል።

አጎትየውና ሦስቱ ልጆች ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ድንኳናቸውን በወንዙ አጠገብ ከትልቅ ዛፍ ሥር ተከሉ። ልጆቹ ካስማ መቱ፣ ገመድ አሰሩ፣ የወደቀ እንጨት ለቀሙ። ለመገናኛው ልጅ ይህ ሁሉ አዲስ ነገር ነበረ። ውኃ ከቧንቧ ሳይሆን ከጀሪካን ተለክቶ ይጠጣል። መብራት የለም። ፀሐይ ስትጠልቅ ጨለማው በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ልጁም በመገናኛ መብራት ተሸፍነው አይቷቸው የማያውቃቸውን ከዋክብት አየ።

ከእነርሱ ጋር አንድ የፓርክ ጠባቂ ነበረ። ዕድሜው የገፋ፣ አረንጓዴ ልብስ የለበሰ፣ ጠመንጃ በትከሻው ያነገተ ሰው ነው። በዚያው በአዋሽ ምድር ከብት አርቢዎች መካከል ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ሆነ የምድሩን ጠባይ ያውቅ ነበር። ዱካ አይቶ፣ «ይህ የጅብ ነው፤ ዛሬ ንጋት ላይ አልፏል» ይል ነበር። ድምፅ ሰምቶም የወፉን ስም ይናገር ነበር። ልጁ ከሰማቸው ስሞች አንዱንም አያውቅም ነበርና በልቡ አፈረ።

፫. የመጀመሪያው ጥበቃ

እራት ከበሉ በኋላ ሁሉም ወደ ድንኳኑ ገቡ። ልጁ ግን እንቅልፍ አልመጣለትም። በመጋረጃው ቀዳዳ ቢመለከት ሽማግሌው ጠባቂ በእሳቱ አጠገብ ተቀምጦ አየው። ጋቢውን ተከናንቦ ወጣና ከአጠገቡ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይተኙም?» አለ።

«እኔ ከተኛሁ እናንተ እንዴት ትተኛላችሁ?» አለው ሽማግሌው።

በዚያን ጊዜ ከሩቅ አንድ ድምፅ ተሰማ። ወፍራምና ረጅም ነበረ፤ መሬቱን ያንቀጠቀጠው መሰለ። ልጁ ደነገጠ።

«አንበሳ ነው» አለው ሽማግሌው። «ሩቅ ነው፤ አትፍራ። ከእንግዲህ ወዲህ ግን ይህ ድምፅ በየጊዜው እያነሰ ሄዷል። እኔ ልጅ ሳለሁ ብዙ ጊዜ እንሰማው ነበር።»

ልጁም፣ «ከዚህ በኋላ ጭራሽ ይጠፋ ይሆን?» ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አለና፣ «የሚጠብቀው ካገኘ አይጠፋም» አለው። ከዚያም፣ «ልጄ፣ እኔ መንገዱን ዞሬ አይቼ እስክመለስ ይህን እሳት ልትጠብቅልኝ ትችላለህ? ሁለት ነገር ብቻ ነው። እሳቱ እንዳይጠፋ፣ ከድንጋዩም ክብ እንዳይወጣ። ነፋስ ቢነሣ አጎትህን ቀስቅስ» አለው።

ልጁ እጅግ ደስ አለው። ከዚያ በፊት ማንም ይህን የሚያህል ነገር አደራ ሰጥቶት አያውቅም ነበር። እንጨት ጨመረ፤ ድንጋዮቹን አጠጋጋ፤ ተቀምጦም ጠበቀ። ነገር ግን ሙቀቱ ጣመው፤ ቀኑን ሙሉም ደክሞ ውሎ ነበርና ጋቢውን ተከናንቦ እንደ ተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው።

የነቃው በጩኸት ነበር። ሽማግሌው ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይዞ ደረቁን ሣር ይመታ ነበር። ነፋስ ተነሥቶ ፍም ከክቡ አውጥቶ ነበረ። አጎትየው ከድንኳኑ ሮጦ ወጣና ጀሪካኑን ደፋበት፤ ሁለቱ ሰዎች አፈርም በላዩ ጨመሩ። ብዙ ሳይቆይ እሳቱ ጠፋ። ልጁ ግን እየተንቀጠቀጠ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው አልተቈጣውም። «ግባና ተኛ፤ ነገ እናየዋለን» ብቻ አለው።

ሲነጋ ሽማግሌው ልጁን እጁን ይዞ ወሰደው። የተቃጠለው ስፍራ ትልቅ አልነበረም፤ የሰሌን ምንጣፍ ያህል ነበረ። በጥቁሩ አመድ ጫፍ፣ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ርቆ፣ በሣሩ ሥር ትንሽ ጎድጓዳ ነበረች፤ በውስጧም አራት እንቁላሎች ነበሩ። እናቲቱ ቆቅ ሸሽታ ከቁጥቋጦው ሥር ሆና ትመለከት ነበር።

«ስንዝር ቀርቶት ነበር» አለው ሽማግሌው። «አንተ ክፉ ልጅ አይደለህም፤ ተኝተህ ነው። ነገር ግን ለዚህች ወፍ የክፉ ሰው እሳትና የተኛ ሰው እሳት አንድ ነው።»

ልጁ አለቀሰ። ከዚያም ሁለቱ ርቀው ተቀመጡ፤ ቆቋ ብዙ ጊዜ ከቈየች በኋላ ተመልሳ በእንቁላሎቿ ላይ ስትቀመጥ አዩ። በሁለተኛው ሌሊት ልጁ ራሱ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ልጠብቅ» ብሎ ለመነ። ሽማግሌውም ፈቀደለት። ያን ሌሊት ልጁ አልተኛም፤ እንቅልፍ ሲመጣበት እየተነሣ ይቆም ነበር። ሲነጋም እሳቱን በውኃ አጠፋው፤ በእጁም ዳስሶ እንደ በረደ አረጋገጠ፤ ከዚያ በኋላ አፈር አለበሰው። የተበላበትን ወረቀትና ጣሳ ሁሉ ለቅሞ በከረጢት ከተተ። ወንጭፉንም ከኪሱ አውጥቶ ለሽማግሌው ሰጠው። ሽማግሌውም ምንም ሳይናገር ተቀበለው።

፬. «ስካውት» ማለት ምን እንደ ሆነ

በኢትዮጵያ የብሔራዊ ፓርክ ጠባቂ «ስካውት» ይባላል። ቃሉ የእንግሊዝ ነው፤ ትርጓሜውም ከጦር ሠራዊት ቀድሞ ሄዶ የሚያይ ማለት ነው። በአማርኛ ቃፊር እንደሚባለው ነው። በድንኳን የሚያድሩና የዱርን ጠባይ የሚማሩ ልጆችም በዓለም ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራሉ። ይህ የሆነበት ምክንያት እንዲህ ነው።

በ1907 ቤደን ፖወል የሚባል የእንግሊዝ ጄኔራል ወደ 20 ያህል ልጆች ሰብስቦ ብራውንሲ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ወሰዳቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ የባለጸጋ ልጆች፣ አንዳንዶቹ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። በድንኳን አብረው አደሩ፤ አብረው አበሰሉ፤ ዱካ መከተልንና እሳት ማንደድን ተማሩ። በየሌሊቱም በተራ ተራ ጥበቃ ይቆሙ ነበር። ከዚህች ትንሽ መጀመሪያ የስካውት ማኅበር በብዙ አገሮች ተስፋፋ።

እንግዲህ የልጆቹ ስምና የጠባቂዎቹ ስም አንድ መሆኑ ያለ ነገር አይደለም። ልጁ የሚማረውና ጠባቂው የሚሠራው ሥራ ሥሩ አንድ ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ ማየት፣ ነቅቶ መጠበቅ፣ የተቀበሉትን አደራ ሳያጎድሉ መመለስ ነው።

በልጅነት የጀመረ ፍቅር እስከ የት እንደሚያደርስ ከክላይቭ ኒኮል ሕይወት መማር ይቻላል። ይህ ሰው በ1940 ዌልስ በሚባል አገር ተወለደ። ገና የ17 ዓመት ጎበዝ ሳለ ወደ ሰሜን ዋልታ አጠገብ ወዳለው ወደ ካናዳ በረዷማ ምድር ሄዶ በምድረ በዳ መኖርን ተማረ። በኋላም በ1967 ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኖ እስከ 1969 አገለገለ። ስለ ስሜንም መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ወደ ጃፓን ሄዶ የተጎሳቈለ ጫካ ገዝቶ እያለማ ኖረ፤ በ2020ም ሞተ። 

፭. የስሜን ተራሮች

ስሜን ከጎንደር በስተ ሰሜን ያለ ከፍተኛ አገር ነው። ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ራስ ደጀን በዚያ አለ፤ ከፍታው ከ4500 ሜትር በላይ ነው። በስሜን ሣር የሚበላ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን ዋልያ ነው። ዋልያ የፍየል ወገን ነው፤ ወንዱ ወደ ኋላ የተቈለመመ ትልቅ ቀንድ አለው፤ ሰው ሊቆምበት በማይችል ገደል ላይ ይዘላል። ከስሜን በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኝም። ስለዚህ ከስሜን ቢጠፋ ከዓለም ሁሉ ጠፋ ማለት ነው።

በቀድሞ ዘመን ሰዎች ዋልያን ለሥጋው ያድኑት ነበር፤ ከቀንዱም ዋንጫ ይሠሩ ነበር። የሰውም ቁጥር እየበዛ በሄደ ጊዜ ገበሬ እርሻውን እስከ ገደሉ አፍ አደረሰ። በ1969 ስሜን በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ከተጻፉት 12 ስፍራዎች አንዱ ስሜን፣ ሌላው ላሊበላ ነበረ። ይህ ለኢትዮጵያ ታላቅ ክብር ነው።

ነገር ግን ስም በመዝገብ መጻፉ ብቻ እንስሳን አያድንም። የዋልያ ቁጥር አነሰ፤ እርሻና ግጦሽ በዛ። ስለዚህ በ1996 ስሜን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ። ከዚህ መዝገብ ለመውጣት 21 ዓመት ፈጀ። በዚህ ዘመን ሁሉ ጠባቂዎች በብርድና በዝናብ ገደሉን እየዞሩ ጠበቁ። በ2016 በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። አባቶቻቸው የተቀበሩበትን አገር መተው ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የስሜን መዳን በጠባቂዎች ድካም ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ሰዎችም ኪሣራ እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። በ2017 ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ሌላ መከራ መጣ። በ2019 በመጋቢትና በሚያዝያ ወር በስሜን እሳት ተነሣ። ነፋሱ ብርቱ፣ ሣሩ ደረቅ፣ ገደሉም ሰው የማይደርስበት ስለ ነበረ እሳቱን ማጥፋት አስቸገረ። ጠባቂዎችና የአገሩ ሰዎች በቅጠልና በአፈር ታገሉት። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጡ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው በብዙ ሰዎች ኅብረት እሳቱ ጠፋ።

፮. የእናት ጥያቄ

በዚያ ጊዜ የመገናኛው ልጅ አድጎ የ2ኛ ደረጃ ተማሪ ነበረ። አንድ ማታ በእናቱ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ዕቃ ሲሸጥ የስሜንን እሳት ወሬ በራዲዮ ሰማ። ክብሪት ሊገዛ የመጣ ሰው ነበረ፤ ልጁ ክብሪቱን በእጁ እንደ ያዘ ፈዝዞ ቀረ። በአዋሽ ያየው የሰሌን ምንጣፍ የሚያህል ጥቁር አመድ ትዝ አለው። ስንዝር ቀርቷቸው የነበሩት አራት እንቁላሎችም ትዝ አሉት።

ያን ሌሊት እናቱን፣ «እማዬ፣ ትምህርቴን ስጨርስ የዱር እንስሳት ጠባቂ መሆን እፈልጋለሁ» አላት።

እናቱ ደነገጠች። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ያስተማርሁህ ጫካ እንድትጠብቅ ነው? ሐኪም ብትሆን፣ መሐንዲስ ብትሆን ምን አለበት? የዚህ ሥራ ደመወዙ ትንሽ ነው፤ አደጋው ግን ብዙ ነው» አለችው።

እናቲቱ የተናገረችው እውነት ነበረ። በዓለም ላይ ብዙ ጠባቂዎች በሥራቸው ላይ ሞተዋል። በኮንጎ አገር ባለው በቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ ብቻ ከተመሠረተ ጀምሮ ከ200 በላይ ጠባቂዎች ተገድለዋል። በየዓመቱ በሐምሌ ወር መጨረሻ ገደማ እንዲህ ያሉ ሰዎች በዓለም ሁሉ የሚታሰቡበት ቀን አለ፤ እርሱም ከ2007 ጀምሮ ይከበራል።

ልጁም እናቱን አልተቃወማትም። «ያልሽው እውነት ነው» አላት። «ነገር ግን እማዬ፣ አንቺ ሌሊት ስታመም ሳትተኚ ጠብቀሽኝ ነው ያደግሁት። እኔ አንድ ጊዜ ስጠብቅ ተኝቼ ነበር። ያን ዕዳ መክፈል እወዳለሁ።» ከዚያም በአዋሽ የሆነውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት፤ እስከዚያን ቀን አልነገራትም ነበርና።

እናቲቱ ብዙ ቀን ዝም አለች። ወንድሟንም ጠርታ ተማከረች። እርሱም፣ «እኔ ያቺን ሳላ የገደልሁ ሌሊት በመንገዱ ላይ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በወደድሁ» አላት። በመጨረሻ ልጇን ጠርታ፣ «ሂድ፤ ነገር ግን ሳታውቅ አትሂድ፤ አስቀድመህ ተማር» አለችው።

፯. ሥራውና ትምህርቱ

ልጁ የእናቱን ቃል ጠበቀ። በወንዶ ገነት ስለ ደንና ስለ ዱር እንስሳት የሚያስተምር ኮሌጅ አለ፤ ወደዚያ ገብቶ ተማረ። ከዚያ ቀደም ኢትዮጵያውያን ይህን ትምህርት ለመማር እስከ ታንዛንያ ይሄዱ ነበር፤ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ በምዌካ በ1963 የተከፈተ የዱር እንስሳት ጥበቃ ኮሌጅ አለና። ልጁ ትምህርቱን በጨረሰ ጊዜ ወደ አዋሽ ተመደበ። ሽማግሌው ጠባቂ በዚያን ጊዜ በጡረታ ከሥራ ተሰናብቶ ነበር።

ብዙ ልጆች የፓርክ ጠባቂ ሥራ ጠመንጃ ይዞ መዞር ብቻ ይመስላቸዋል። ሥራው ግን ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው። ጠባቂ በማለዳ ተነሥቶ በእግሩ ይዞራል፤ የተጠመደ ወጥመድ ቢያገኝ ይፈታል። እንስሳትን ቈጥሮ በመዝገብ ይጽፋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ምክንያቱን ይመረምራል። ከሰል ለማክሰል ዛፍ የሚቈርጡትን ይከለክላል። እንግዶችን መንገድ ያሳያል፤ ተማሪዎችን ያስተምራል። በአውራ ጎዳናው ላይ የሚበሩ መኪና ነጂዎችንም ያስጠነቅቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ግን ከሰው ጋር የሚሠራው ነው። ከረዩና አፋር የሚባሉ ሕዝቦች ፓርኩ ሳይመሠረት ብዙ ዘመን አስቀድመው በዚያ ምድር ከብት ያረቡ ነበር። ድርቅ በሆነ ጊዜ ከብቶቻቸው እንዳይሞቱባቸው ወደ ፓርኩ ሣር ይነዷቸዋል። ጠባቂው ሕግን ይጠብቃል፤ ነገር ግን የተራበ ከብት ያለውን ሰው እንደ ጠላት ሊያየው አይገባም። ከሽማግሌዎች ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ መነጋገርን መልመድ አለበት። ይህን የማያውቅ ጠባቂ ጠመንጃው ብዙ አያገለግለውም።

ይህን ነገር የሚያሳይ ሌላ መልካም ምሳሌ በአማራ አገር በመንዝ አለ። ጓሳ የሚባለውን ደጋ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀውት ነበር። ሣሩን ለተወሰነ ዘመን ይዘጉት ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ለሁሉም ይከፍቱት ነበር። በዚህ ምክንያት የቤት ክዳን የሚሆነው ሣርም፣ ቀይ ቀበሮውም፣ ጭላዳውም እስከ ዛሬ አሉ። ሰዎቹ ስለሚያውቁትና የራሳቸው ስለ ሆነ ጠበቁት።

፰. ልጅነትና ሙያ

የመገናኛው ልጅ ለሥራ ወደ አዋሽ ሊሄድ በተነሣ ቀን እናቱ ያንኑ የቀድሞውን ጋቢ አጥባ ሰጠችው። በጫፉ ላይ ትንሽ የተቃጠለች ቀዳዳ ነበረችበት። እናቲቱ ብዙ ዓመት አይታ ምክንያቱን አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ታውቃለች። አልጠቀመቻትም፤ እንዳለች ተወቻት።

ልጁ በዕረፍት ወደ መገናኛ በተመለሰ ጊዜ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ወደ የካ ተራራ ይወስዳቸዋል። ድንኳን ባይኖር እንኳ ከዛፍ ሥር ያስቀምጣቸዋል፤ ዝም ብለው ለጥቂት ጊዜ እንዲያዳምጡ ያዝዛቸዋል። ከዚያም የሰሙትን ድምፅ አንድ በአንድ ያስቈጥራቸዋል። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ቢያይ አይነጥቀውም፤ «የዚያችን ወፍ ስም ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የማያውቅ እንደ ሆነ ስሟን ይነግረዋል፤ ጎጆዋንም ያሳየዋል። ስሟንና ጎጆዋን ያወቁ ልጆች ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ እርሷን አይመቱም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። ሰው የማያውቀውን አይወድም፤ የማይወደውንም አይጠብቅም። ማወቅ ደግሞ ከመጽሐፍ ብቻ አይመጣም፤ በጨለማ ተቀምጦ በመስማት፣ በሣር ላይ ተኝቶ በማየት፣ ትንሽ አደራ ተቀብሎ በመጠበቅ ይመጣል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው ይህ ሁሉ በልጅነት ቢጀመር ይቀላል። በድንኳን ያደረ ልጅ ሁሉ የፓርክ ጠባቂ አይሆንም፤ ነጂ፣ ነጋዴ፣ ሐኪም ይሆናል። ነገር ግን ነጂው በሳላ ምድር ሲያልፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ነጋዴው ቆሻሻውን በወንዝ አይጥልም። እንዲሁም የሠራው ጥፋት ተስፋ የሚያስቈርጠው ልጅ አለ፤ ከጥፋቱ የሚማር ልጅም አለ። የመገናኛው ልጅ ጠባቂ የሆነው በሁለተኛው ሌሊት ስላልተኛ ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሌሊት መተኛቱን ስላልረሳ ነው።

ጥያቄዎች

1. ልጁ ወደ አዋሽ ከመሄዱ በፊት ምን ክፉ ልማድ ነበረበት? ስለ ምን አያዝንም ነበር?
2. አጎቱ በአዋሽ መንገድ ላይ ፍጥነቱን መቀነስ የጀመረው ስለ ምን ነው?
3. ሽማግሌው ጠባቂ ለልጁ የሰጠው አደራ ምንና ምን ነበረ?
4. «የክፉ ሰው እሳትና የተኛ ሰው እሳት አንድ ነው» የሚለው ቃል ምን ማለት ነው?
5. ዋልያ ከስሜን ቢጠፋ ከዓለም ሁሉ ይጠፋል የሚባለው ስለ ምን ነው?
6. የመንዝ ሰዎች የጓሳን ደጋ እንዴት ጠበቁት?
7. በሰፈርህ ካሉት ወፎች የስንቱን ስም ታውቃለህ? ጽፈህ ለመምህርህ አሳይ።